ወጌሻ ቅጣውና በረዶ የመታቸው ዶሮዎች

ጠላት አገራችንን በያዘ በሦስተኛው ክረምት ነው። የፍልሰታ ጾም ሊፈታ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። አቶ ቅጣው ቅዳሴ አስቀድሰው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሲወጡ ሰማዩ በአንድ ጊዜ እንደ ጥላሸት ጠቆረ። ነፋሱ ከጓሳ ተራራ በኩል መጣ። ገና «ዛሬስ ጉድ ነው» ብለው ሳይጨርሱ የመጀመሪያዋ የበረዶ ፍሬ ድንጋዩ ላይ ቀጭ ብላ ፈረጠች። ሁለተኛዋ ትከሻቸውን አገኘቻቸው። ሽማግሌው እንደ ጎረምሳ ዘለው ተመለሱና ደጀ ሰላሙ ውስጥ ገቡ።

እዚያ አንድ ወጣት ቆሟል። ቀጠን ያለ፣ ኮት የለበሰ፣ መጽሐፍ በብብቱ የያዘ ነው። ዓለም ሁሉ እግዚኦ በሚልበት ሰዓት እሱ በረዶውን እንደ ሰርገኛ ጭፈራ አተኩሮ ያያል።

«አንተ ልጅ፣ ትስቃለህ?» አሉት።

«አልሳቅሁም አባቴ። ፍሬው ምን እንደሚያክል እያየሁ ነው። የርግብ እንቁላል ያክላል።»

«ለክተህ ለማን ልትሸጠው ነው? ለመሆኑ የማን ልጅ ነህ?»

«የመምሬ ገብረ አማኑኤል ልጅ ነኝ። ወሰኔ እባላለሁ።»

«የግሼው ገብረ አማኑኤል? ሲቀድስ ድንጋይ የሚያስለቅሰው? ነፍሱን በገነት ያኑራት! እንግዲያስ አዲስ አበባ አስኮላ ገባ የሚሉት አንተ ነሃ!»

«አዎን። ጠላት ከተማውን ሲይዝ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። አሁን እዚያ ማዶ ዘመሮ፣ አጎቴ ዘንድ ነኝ።»

«እስቲ ምን ምን አስተማሩህ?»

«ቋንቋ፣ ሒሳብ፣ የዓለም ካርታ፣ የጤና አጠባበቅ…»

«የጤና አጠባበቅ!» አቶ ቅጣው ሣቁ። «ጤናም እንደ በግ ይጠበቃል?»

«እረኛ ካላገኘ እንደ በግ ይጠፋል፣ አባቴ።»

አቶ ቅጣው መልሱን ወደዱት፤ መውደዳቸውን ግን አላሳዩም። ጢማቸውን አሻሹ።

በዚያ አገር አቶ ቅጣውን የማያውቅ የለም። ወጌሻ ናቸው። ከበቅሎ የወደቀ፣ ገደል የገባ፣ ጥይት አጥንቱን የሰበረው ሁሉ ወደ እሳቸው ይመጣል። «የተሰበረ አጥንት የቅጣውን እጅ ሲያይ አፍሮ ይገጥማል» ይባላል። አባባሉን ያወጡት ራሳቸው ናቸው የሚሉ አሉ፤ እውነትነቱን ግን የሚክድ አልተገኘም። ልጃቸው ጎበዜ ከአርበኞች ጋር ጫካ ነው። በዚህም ሰበብ ባለፈው ጥር ባንዳ ቤታቸውን ከቦ በሬዎቻቸውንና በጎቻቸውን ነዳ፣ ጎተራቸውንም አቃጠለ። የቀረላቸው ማሳ ላይ ያለው ገብስና የጎበዜ ሚስት ማናለብሽ የምታረባቸው ዶሮዎች ናቸው። ማናለብሽ እንቁላሉን ገበያ አውጥታ ጨውና እህል ይዛ ትመለሳለች፤ ቤቱ የሚያድረው በዚያ ነው።

ወደ ጠላት ምሽግ ሄዶ የገባና ስሙን ያስመዘገበ ሰው የፉርኖ ዱቄት ይሰፈርለታል። ጎረቤታቸው ዳኜ ከገባ ከርሟል፤ አልፎ ተርፎም የምሽጉ መልእክተኛ ሆኗል። አቶ ቅጣው ግን «ቅጣው የሰበረን ሰው እጅ አይስምም» ብለው በአደባባይ ተናግረዋል። በመንዝ እንዲህ ያለ ቃል አንዴ ከአፍ ከወጣ የሚመልሰው መቃብር ብቻ ነው።

በረዶው እንደ ጀመረ ሁሉ ድንገት ቆመ። ሁለቱ ሲወጡ አገሩ ሁሉ ነጭ ነው። እሸት ሊሆን የተቃረበው ገብስ ከብት እንደ ተኛበት ሣር ተነጥፏል። አቶ ቅጣው ማሳውን ከዳር እስከ ዳር አዩና «ተመስገን» አሉ። ይህን «ተመስገን» ያለ ሰው ልቡ ምን እንደሚል ወጣቱ ስለ ገባው አንገቱን ደፍቶ ከኋላቸው ተከተለ፤ መንገዱም ወደ ዘመሮ በዚያው ነው።

ቤቱ ሳይደርሱ ማናለብሽ ቁልቁል መጣችባቸው። ወሯ የገባ ነፍሰ ጡር ናት፤ በጭቃውና በበረዶው እየተንሸራተተች ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋለች።

«አባባ! ይድረሱልኝ! ሳይበክቱ ይድረሱልኝ!»

«አንቺ! ልትወድቂብኝ ነው! ምን ሆነሻል?»

«ዶሮዎቼን! ሜዳ ላይ እንዳሉ መታቸው። እኔ ካራ ይዤ አላርድ፣ ወንድ በሰፈሩ የለ፣ ሁሉም ቅዳሴ ነው። አሁንስ ሞተውም ይሆናል።»

ግቢው ሲደርሱ ያዩት አሳዛኝ ነበር። ላባ ከበረዶ ጋር ተደባልቋል። አንዷ ዶሮ ክንፏን መሬት ትጎትታለች። ሌላዋ እግሯ ከመሐል ታጥፎ በጎኗ ወድቃለች። አንዳንዶቹ አናታቸው ደምቶ በድን መስለው ተዘርግተዋል። አውራው ዶሮ ከካቡ ሥር ተወሽቆ፣ አንድ ዓይኑ አብጦ ተዘግቶ፣ ባንድ ዓይኑ ብቻ ሁሉንም ይቆጣል።

አቶ ቅጣው ጋቢያቸውን አደገደጉና «ካራ አምጪ» አሉ። «እነዚህን ባርኬ ልረድ። ጾሙ እስኪፈታ በዚህ ብርድ ሥጋው አይበላሽም። ከበክት ይሻላል።»

«አባቴ» አለ ወሰኔ ኮቱን እያወለቀ፣ «ከማረድዎ በፊት አንዲት ቃል ይፍቀዱልኝ።»

«በል።»

«በክት የሚባለው የሞተ ነው። እነዚህ አልሞቱም።» በድን ከመሰሉት አንዷን አንሥቶ ቀጭን ላባ አፍንጫዋ ላይ አደረገ። ላባው ተንቀሳቀሰ። «ይኸው ትተነፍሳለች። በረዶው አናቷን መትቶ አደንዝዟት ነው። ሰው አናቱን ተመትቶ ቢወድቅ ቶሎ ብለው ይገንዙታል?»

«ሰውና ዶሮ አንድ ነው?»

«አንድ አይደለም። ግን ሁለቱም ሲበርዳቸው ይሞታሉ፣ ሲሞቃቸው ይነሣሉ።»

«ስማ ልጄ» አሉ አቶ ቅጣው፣ ካራውን ከማናለብሽ እጅ ተቀብለው። ሲመክሩ ድምፃቸው እንደ ዳኛ ይረጋል። «በረዶ የእግዜር በትር ነው። እግዜር የመታውን ሰው ‹እኔ አድነዋለሁ› ቢል ከጌታው ጋር መሟገት ነው። አባቶቻችን በረዶ የመታውን ዶሮ ሲያክሙ አላየንም።»

«ባለፈው ዓመት ከበቅሎ የወደቁትን ፊታውራሪ እግር ያቀኑት እርስዎ አይደሉም?»

«እኔ ነኝ። ዛሬ ያለ ምርኩዝ ይሄዳሉ!»

«ያለ እግዚአብሔር ፈቃድ ነው ከበቅሎ የወደቁት?»

አቶ ቅጣው የካራውን ስለት በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ።

«ጌታ የሚመታበት በትር እንዳለው ሁሉ የሚያድንበት እጅም አለው። ያ እጅ በዚህ አገር የእርስዎ ነው። ኖኅ መርከቡ ውስጥ ሲገባ ‹ውሃው የእግዜር ቁጣ ነው፤ ዶሮዎቹ ይቅሩ› አላለም።»

ማናለብሽ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፈነች። ሣቋ ነው ያመለጣት።

«አንቺ ደግሞ ምን ያስቅሻል?»

«ምንም አባባ። ኖኅ ዶሮዎቹን አቅፎ ሲገባ ታየኝ።»

«ኖኅ ይቀፍ! እኔ ግን አላቅፍም!» ያን ጊዜ አቶ ቅጣው እውነተኛውን ነገር አወጡት። «የጎበዜ አባት፣ የፊታውራሪን እግር ያቀናሁ ሰው፣ ተቀምጦ የዶሮ እግር ያሽ ነበር ይባል? ጫካ ያለው ልጄስ ቢሰማ? ዶሮ የሴት ነው። ዳኜ በገበያ ምን እያለ ሊስቅብኝ ነው!»

ክርክሩ ስለ በረዶውም ስለ እግዜርም እንዳልነበረ ሦስቱም አሁን አወቁ። ብዙ ጊዜ የምንሟገትለት ነገር አንድ ነው፤ የምንፈራው ነገር ደግሞ ሌላ ነው። አቶ ቅጣው ጥይት የማይፈሩ ሰው ሳሉ የገበያ ሣቅ ያስፈራቸው ነበር።

ወሰኔ ዞር አለ። የተነጠፈውን ገብስ አየ፣ የማናለብሽን ሆድ አየ፣ ከዚያ በቀስታ ተናገረ።

«አባቴ፣ አይቆጡኝ። አባቶቻችን ዶሮ ያላከሙት በጋቸው ሜዳ ሞልቶ ስለ ነበረ ነው። ዛሬ በጉን ባንዳ ነዳው፣ ገብሱን በረዶ አስተኛው። እነዚህን አርደን ለጾም ፍች ብንበላ አንድ ቀን እንጠግባለን። በማግስቱስ? ይህች ነፍሰ ጡር ጨው ፍለጋ የት ትሄዳለች? ምራትዎ በአራስ ቤት ምን ትቀምሳለች?»

«አትናገረው!»

«ልናገረው ግድ ነው። መንገዱ አንድ ነው፤ ወደ ምሽጉ ይወስዳል። ዳኜ ዶሮ ሲያክሙ ቢያይዎ አንድ ገበያ ይስቃል። የፉርኖ ዱቄት ተሸክመው ቢያይዎ ግን ዕድሜ ልኩን ይስቃል። ጠላት ፈልጎ ያላገኘውን እኛ በገዛ ካራችን እንጨርስለት?»

አቶ ቅጣው ፊታቸው ቀላ። ወጣቱ አንጀታቸው ውስጥ ገብቶ ነው የነካቸው። ቢሆንም ሽማግሌ በአንድ ቃል አይረታም፤ ቢረታም አይናገርም። ካራውን ከእጃቸው አልለቀቁም። «እንግዲህ አስኮላህን እንየው» አሉና ደጃፉ ላይ ባለው ድንጋይ ተቀመጡ። «አንተ አክም፤ እኔ እዚህ ሆኜ የምታበክታቸውን እጠብቃለሁ።»

ወሰኔም ይህን ፈቃድ ቆጥሮ ሥራ ጀመረ። እሱ ሲያዝ ማናለብሽ ትሮጣለች፣ እሷ ስትደክም እሱ ይሮጣል። ውሃ ተጣደ። ዶሮዎቹ ወደ ቤት ገቡና በደረቅ ጨርቅ ላባቸው ተጠረገ። የደነዘዙት በገለባ በተሞላ እንቅብ ውስጥ ተደርገው የበግ ጠጉር ባና ተጣለባቸው።

«ምድጃው አጠገብ አላደርጋቸውም?» አለች ማናለብሽ።

«አይሆንም እቴ። ከብርድ ወደ እሳት በአንዴ ካመጣናቸው ይጎዳሉ። ከምድጃው ራቅ ብለው በጨለማና በጸጥታ ይዋሉ። እስኪነቁም ውሃ አፋቸው ውስጥ አናፍስስ፤ ያንቃቸዋል። የደሙትንም ለብቻ ለብቻ እናድርጋቸው። ዶሮ ቀይ ነገር ሲያይ በመንቁሩ ይወጋል፤ የእህቱንም ቁስል ቢሆን አይምርም።»

«እንደ ሰው ነዋ!» አሉ አቶ ቅጣው ከደጅ።

ከዚያ እግሯ የተሰበረችው ዶሮ ደረሰች። ወሰኔ ከማገዶው ውስጥ እንጨት መረጠና እግሯን ከእንጨቱ ጋር በገመድ ጠፍሮ ማሰር ጀመረ። ዶሮዋ ጮኸች። ገመዱ እንደ ጭነት ገመድ ጠብቋል፣ እንጨቱ የዶሮዋን ግማሽ ያክላል፣ እግሯም ወደ ውጭ ዞሯል።

አቶ ቅጣው በዕድሜያቸው ብዙ ነገር ታግሠዋል፤ ጠማማ አስተሳሰርን ግን ታግሠው አያውቁም። መጀመሪያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ቀጥለው ፊታቸውን አዞሩ። ተመልሰው ሲያዩ ወጣቱ አንድ ዙር ጨምሯል።

«ወግድ!» ብለው ተነሡ። «ዶሮ ነው የምታስረው ወይስ አህያ የምትጭን? ወግድ ብዬሃለሁ! ማናለብሽ፣ የሸምበቆ ስንጥር አምጪ። ቀጭን! ፈትልም አምጪ።»

ካራው ደጃፉ ላይ ቀረ። ወጌሻው ተንበረከኩና ዶሮዋን በግራ ብብታቸው ያዙ። ጣቶቻቸው ላባውን ገልጠው አጥንቱን ሲዳስሱ ዶሮዋ ዝም አለች። «እዚህ ጋ ነው… አይዞሽ… የክብሪት እንጨት ነው ለካ የሚያክለው… አሁን!» አሉ። እግሩ ቀጥ አለ። ወሰኔ አፉን ከፍቶ ቀረ።

«አየህ?» አሉት ቀና ብለው። «የፊታውራሪው ከዚህ ይቀል ነበር!»

ኩራታቸው ቦታውን እንጂ መጠኑን አልለወጠም። ቀደም ሲል ዶሮ መንካት ያሳፍራቸው ነበር፤ አሁን ደግሞ ከእሳቸው ሌላ ሰው ዶሮ ቢነካ የሚያፍሩ መሰሉ። ክንፏ የተሰበረባትን ራሳቸው ጠየቁ፣ ክንፉን እንደ ነበረ አጥፈው ከገላዋ ጋር በጨርቅ መቀነት ጠመጠሙት። ከዚያ ቁስል የበዛባቸው ተራ ሲደርስ እጃቸውን ወደ ምድጃው ሰደው ዐመድ ዘገኑ።

«ለምንድን ነው አባቴ?» አለ ወሰኔ።

«ለቁስሉ ነዋ። ዐመድ በቅቤ ለውሼ እለጥፍበታለሁ። ለሰውም የማደርገው ይህንኑ ነው።»

«አጥንቱን ለእርስዎ ተውሁ፤ ቁስሉን ደግሞ እርስዎ ለእኔ ይተዉልኝ። ዐመዱ ውስጥ ቆሻሻ አለ። ያ ቆሻሻ ቁስሉ ውስጥ ተዘግቶ ይመግላል። ውሃ አፍልተን፣ ጨው ጨምረን፣ ለብ ሲል እንጠበው። ከዚያ ማር ቀባ አድርገን ንጹሕ ጨርቅ እንጣልበት። የእኛም እጅ አስቀድሞ በእንዶድ ይታጠብ።»

«እጄ? ይህ እጅ ስንቱን አዳነ!»

«አጥንቱን አድኗል፤ አልጠራጠርም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ እውነቱን ይንገሩኝ። አጥንታቸው ገጥሞ ሳለ ቁስላቸው መግሎ የሞተብዎ ሰዎች የሉም?»

ጥያቄው ከበድ ያለ ነበር። አቶ ቅጣው የዘገኑትን ዐመድ አዩት። የሞቱባቸው ነበሩ። ስማቸውን ያውቃሉ። «ዕድሜው ነው» ብለው ያለፉት ነገር ነው። ይህን ለማያውቁት ልጅ መናገር ቀርቶ ለራሳቸውም ነግረውት አያውቁም።

«አሉ» አሉ በመጨረሻ። «ግን ከዐመዱ መሆኑን በምን አውቃለሁ?»

«ዳኛው ዶሮዎቹ ይሁኑ። አንዷን እንደ ልማድዎ ያክሟት፤ ሌሎቹን በእኔ መንገድ እናክም። ሁላችንም እናያለን።»

«ይህ የሰው ሙግት ነው» አሉ አቶ ቅጣው። ፍትሕ የሚወድ ሰው እንዲህ ያለውን ውርርድ እምቢ አይልም። አንዷ ቄብ ዶሮ በዐመድና በቅቤ ተለጠፈች፤ ሌሎቹ ተጠቡ፣ ማር ተቀቡ። ከሁሉም አንዷ ግን ውስጧ ተጎድቶ ነበርና ደም ማስመለስ ጀመረች። ወሰኔ ራሱ «ይህችስ አትድንም፤ አናሰቃያት» አለ። አቶ ቅጣው ባርከው አረዷት። «ሁሉንም አድናለሁ የሚል ሐኪም ውሸታም ነው» አሉ። «ይህን በማወቅህ አከበርሁህ።»

ወጣቱ የዚያን ዕለት ወደ ዘመሮ አልሄደም። በማግስቱም አልሄደም። እንቅቡ ውስጥ ያሉት አንድ በአንድ ነቁ፤ ማናለብሽ ባናውን ስትገልጠው አንዲት ትንሽ ቄብ ተነሥታ በክንዷ ላይ ቆመችባት። ማናለብሽ እልል ልትል አፏን ከፈተችና አቶ ቅጣውን አይታ ተወችው። እሳቸው ግን «በይው እንጂ! ማንን ትፈሪያለሽ?» አሏት።

የፍልሰታ ጾም ተፈትቶ ሳምንት ሳይሞላው ዳኞቹ ፈረዱ። በማር የታከሙት ቁስላቸው ደርቆ አዲስ ላባ ያቆጠቁጣል። ዐመድ የተለጠፈባት ቄብ ግን መገለች፣ ሸተተች፣ ሞተች። አቶ ቅጣው ይዘዋት ወጥተው ከጓሮ ቀበሯት። ብዙ ቆይተው ሲገቡ እጃቸውን ለማናለብሽ ዘረጉ።

«የፈላ ውሃ አፍስሺልኝ» አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ሳልታጠብ ቁስል ብነካ ‹አባባ፣ ቄቧ› በይኝ።»

ለወሰኔ ግን ይህን ብቻ ነው ያሉት፦ «አስኮላህ ገመድ ማሰር ባያስተምርም ሌላው ሌላው መልካም ነው።»

«እርስዎስ እጅዎን ታጥበው ከመጡ ከአስኮላው መምህር ይበልጣሉ።»

«እሱንስ ድሮም አውቀዋለሁ» አሉ።

ያን ሰሞን ሁለቱ ተጋግዘው ከቤቱ ግድግዳ ጋር የተጠጋ ዝቅ ያለ ዳስ ሠሩ። ጀርባውን ነፋስ ወደሚመጣበት አዞሩት፤ ጣሪያውን በጓሳ ሣር ወፈር አድርገው ከደኑት። ከመሬትም ከፍ ያለ ቆጥ አበጁለት። ዶሮዎቹ ሰማዩ ሲያጉረመርም ወደዚያ እንዲሮጡ ማናለብሽ በዳሱ ሥር ጥሬ እየበተነች አስለመደቻቸው። ከጫካም አንድ አርበኛ ቁስሉን ሊያሳይ መጣ። አቶ ቅጣው በእንዶድ ታጥበው፣ በጨው ውሃ አጥበው ማር ቀቡት። ጥይት ያገኘው ሰው ያለ መግል ሲድን በአገሩ ሲታይ የመጀመሪያው ነበር ማለት ይቻላል። እሳቸውም የጎበዜን ድርሻ እንቁላል አስይዘው ሸኙት።

መስከረም ላይ ማናለብሽ ሴት ልጅ ተገላገለች። ገንፎዋ ቀርቦ፣ እንቁላሏ ተቀቅሎ፣ ቤቱ የጎደለበት አልነበረም። በዚያው ሰሞን ሌላ በረዶ ጣለ። የአቶ ቅጣው ዶሮዎች ገና በረዶው ሳይወርድ ዳሱ ሥር ተሰብስበው፣ አንድ ዓይናው አውራ ዶሮ ደጃፉ ላይ እንደ ዘበኛ ቆሞ አሳለፉት።

በማግስቱ ዳኜ መጣ። ጋቢውን እስከ አገጩ ተከናንቧል።

«እንዴት ሰነበቱ አቶ ቅጣው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ግባ፣ ተቀመጥ።»

«አልቀመጥም። መልእክት ይዤ ነው። የምሽጉ ሹም ‹ገብሱን በረዶ በላው፣ ከብቱ የለ፣ ቤቱ ውስጥ አራስ አለች፤ አቶ ቅጣው አሁንስ ምን ይጠብቃሉ? ይግቡና ዱቄት ይስፈርላቸው› ብሎዎታል።»

አቶ ቅጣው ሊመልሱ ሲሉ ከዳኜ ጋቢ ውስጥ «ቋ!» የሚል ድምፅ ወጣ።

«ዳኜ፣ ሆድህ ነው የሚንጫጫው?»

ዳኜ ዐይኑን ወደ መሬት ጣለ። ጋቢውን ገለጥ ሲያደርግ ክንፏ የተንጠለጠለ ዶሮ ብቅ አለች። «ሚስቴ ናት የላከችኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በትናንቱ በረዶ የቀረችን እሷ ብቻ ናት። ሌሎቹን አረድናቸው። የምሽጉ ዱቄት ደግሞ… ከሰጡን ቆይተዋል። ለሹሙ ግን ሳታቋርጡ እንቁላል አምጡ ይሉናል።»

ወሰኔ አቶ ቅጣውን አየ። በገበያ እንዳይስቅባቸው የፈሩት ሰው ይኸው ዶሮ ታቅፎ ደጃቸው ላይ ቆሟል። ሊስቁበት ይችሉ ነበር። አልሳቁም። ማናለብሽ የተጣደውን ውሃ አቀረበችላቸው፤ ታጠቡና ዶሮዋን ተቀበሉ።

«እየኝ» አሉት እየሠሩ። «ክንፉን እንዲህ አጥፈህ ከገላዋ ጋር ታስረዋለህ። ቁስሉን በፈላ ውሃና በጨው ነው የምታጥበው፤ ዐመድ እንዳታስነካ፣ እኔ አስነክቼ አይቼዋለሁ። ለብቻዋ፣ ሞቅ ካለ ጨለማ ቤት አኑራት። ስትድን ዳስ ሥራላት፤ አሠራሩን ይህ ልጅ ያሳይሃል። ዶሮ ንቀን ነበር ዳኜ። ይኸው ቤቴ በበረዶ ሁለት ጊዜ ተመታ። አራሴ ጠግባ ታድራለች፣ ልጄም ጫካ ሆኖ የቤቱን እንቁላል ይበላል፣ ጨውም ከገበያ ይመጣልኛል። ይህን ሁሉ ያደረገልኝ ጥቂት የፈላ ውሃና ታጥቦ የሚሠራ እጅ ነው። ለዚህ ደግሞ የማንንም ደጅ አልጠናሁም።»

ዳኜ ራሱን ነቀነቀ። ዐይኑ ዶሮዎቹ ላይ ነበር።

አቶ ቅጣው የመጨረሻውን ቋጠሮ ቋጥረው ዶሮዋን ገለባው ላይ አስቀመጧትና ቀና አሉ።

«እሷን እስክትድን እዚህ ተዋት። መልእክትህን ግን ይዘህ ሂድ፤ ለእሱ መድኃኒት የለኝም።»